ነጭ ኩብዝና የቤይሩት ዓመታት

አሰር ወይም ፋይበር ያለው ምግብ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ይከላከላል ሲባል የሰማ ሰው፣ ቆይቶ ደግሞ «በጥናት ውድቅ ሆኗል» ሲባል ሰምቶ ግራ ይጋባል። ውድቅ ሆኗል ያሰኙት እ.ኤ.አ. በ2000 የታተሙ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች ናቸው። ፖሊፕ በሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ለሦስትና ለአራት ዓመት አሰር ጨምረው ቢበሉም ፖሊፑ ተመልሶ ከመብቀል አልቀረም። እኔ ግን የተዘነጋው ጊዜ ነው ባይ ነኝ። ፖሊፕ በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት ነው። አብዛኛው ካንሰር አይሆንም፤ የሚሆነውም ዐሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። የዐሥር ዓመቱን ጥያቄ የአራት ዓመት ጥናት አይመልሰውም።

አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገር ያወጡለታል፤ የአንጀቱ ሴሎች ዋና ምግባቸው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያን ለሁለት ሳምንት የደቡብ አፍሪካ ገጠር ምግብ ሲበሉ የአንጀታቸው ብግነት ቀነሰ። ሥጋውና ስቡም አብሮ ስለተቀነሰ ሁሉን ለአሰር መስጠት አይቻልም። ለእኔ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው።

አሁን ወደ ቤይሩት እንምጣ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህታችን ምስርና ቡርጉል ቀቅላ ሙጀደራውን ለቤቱ ሰው ታቀርባለች። እሷ ከማድ ቤት ሳትወጣ፣ ቆማ፣ ነጭ ኩብዝ (የዐረብ ቂጣ) በለብኔ (በወፍራም እርጎ) ጠቅልላ ትጎርሳለች። ማታም ሩዝ ነው፤ ሁለቱም አሰራቸው ጥቂት ነው። «አሰር ብሉ» የሚለው ምክር የሚደርሰው ለጓዳው ባለቤት ነው፤ እሷ የምትበላውን የምትወስነው አሠሪዋ ማዳም ናት። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የሊባኖስ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ደግሞ ለብዙው ቤት ርካሹ መጥገቢያ ነጩ ዳቦ ሆኗል። እሑድ ወደ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ወጥታ እንጀራ ብታገኝም ጤፍ ሲወደድ በፊኖ ዱቄት ይደባለቃል። ስድስት ሰባት ዓመት በሰው ቤት የኖረች ሴት እኮ ከነዚያ ጥናቶች ሁሉ የረዘመ ጊዜ እንዲህ በልታለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ ይሰጣል። ምስሩም ቡርጉሉም እዚያው ጓዳ ውስጥ አለ። እህቴ፣ ለራስሽም ጨልፊ፤ ካልተፈቀደልሽ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ውል ምግብሽን በአሠሪሽ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ከሰገራሽ ጋር ደም ካየሽ ግን ምስር አይበቃም። ኪንታሮት ነው ብለሽ አትለፊው፤ ሐኪም ይይሽ።