ያለ ሥራዋ የተሾመችው ስናፕሾት

አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ እንበል። ቆጣሪው አንድ፣ የውሃ መስመሩ አንድ፣ የውጭ በሩም አንድ ነው። እያንዳንዱ ግን የራሱን ቁልፍ ይዞ በራሱ ቤት ይኖራል፤ የአንዱ ወጥ ቢያር የሌላው ድስት አይነካም። ቨርቹዋላይዜሽን ማለት አንዱን ሰርቨር እንዲህ ያለ ግቢ ማድረግ ነው። ተከራዮቹ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ ለማን ስንት ሜሞሪና ስንት ፕሮሰሰር እንደሚደርስ የሚደለድል አከራይ ነው። ኢኤስኤክስአይ፣ ሃይፐር-ቪ፣ ፕሮክስሞክስ ሲባል የምትሰሙት የአከራዮቹን ስም ነው። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ አንዳንድ ስልክ እንኳ ትንሽ አከራይ በሆዱ ይዞ ይዞራል። ከዚህ በላይ ማብራራት አንባቢን መናቅ ይሆንብኛል።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። አይቢኤም ቪኤም/370 የተባለውን አከራይ ያስተዋወቀው በ1972 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ለዚህ ሥራ አልተሰናዱም ነበር። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት የፔንቲየምን ትእዛዞች ሲፈትሽ 17 ያህሉ አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ፤ ተከራዩ ሲያዛቸው ለአከራዩ ሳያሳውቁ ሹልክ ብለው የሚያልፉ ዓይነት ናቸው። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር እነዚህን ሾላኮች በሩጫ ላይ እያሉ በሌላ ትእዛዝ እየተካ አለፈው። ኢንቴል ራሱ መፍትሔውን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያስገባው በ2005 ነው፤ ኤኤምዲ ደግሞ በዓመቱ ተከተለ። ለ17 ትእዛዝ ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም መኬዱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

እኔ ብዕር ያነሣሁት ግን ቨርቹዋል ማሽንን ኋላ ወደ አንድ ቅጽበት ለመመለስ ስለምታስችለው ስለ ስናፕሾት ነው። ከዚህ ቴክኖሎጂ ሁሉ እሷን የምወዳትን ያህል የምወደው የለም፤ እሷን ያህል ያለ ሥራው የተሾመም አላየሁም።

ሰውን የሚያሳስተው ስሟ ነው። ፎቶ ያነሣ ሰው ፎቶው እጁ ላይ አለ፤ ስናፕሾት ያነሣም የማሽኑ ቅጂ እጁ ላይ ያለ ይመስለዋል። እስቲ አስቡት፤ 500 ጊጋባይት ዲስክ በጥቂት ሴኮንድ የሚቀዳው በየት አገር ነው? ምንም አልተቀዳም።

የሰፈራችሁን ባለሱቅና የዱቤ ደብተሩን አስቡ። አንድ ቀን ልጁን ጠርቶ፣ «ከአሁን ጀምሮ ደብተሩ ላይ እንዳትጽፍ፤ አዲስ የሚመጣውን በዚህ ብጣሽ ወረቀት ያዝ» ይለዋል። ስናፕሾት ማንሣት ይህቺው ናት። የአንዲት ደንበኛ ዕዳ ሲጠየቅ ልጁ መጀመሪያ ብጣሹን ያያል፤ እዚያ ካጣው ደብተሩን ይገልጣል። ሁለተኛ ስናፕሾት ሲነሣ ሁለተኛ ብጣሽ ይመጣል፤ ፍለጋውም በሦስት ቦታ ይሆናል። አሁን ደብተሩን አይጥ በላው እንበል። ብጣሹ ላይ «2 ኪሎ ስኳር ተጨምሯል» ይላል። በምን ላይ ነው የተጨመረው?

ቪኤምዌር ላይ ዋናው የዲስክ ፋይል ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀመጥና ከጎኑ ስሙ በ000001 የሚያልቅ ፋይል ይወለዳል። አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ወደዚያ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚያድሩት አንድ ስቶሬጅ ላይ ነው፤ ስቶሬጁ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ትንሿ ፋይል ደግሞ ዝም ከተባለች እያበጠች ዋናውን ዲስክ እስክታክል ታድጋለች። አምራቹ ራሱ በመመሪያው ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ፣ ከ2 ወይም ከ3 በላይ አትደርድሩ ይላል። ሶፍትዌሩ እስከ 32 ስለሚፈቅድ ግን ሰው የተፈቀደውን እንጂ የተመከረውን አያይም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ላይ ስሟን ከስናፕሾት ወደ ቼክፖይንት መቀየሩ ደስ ያሰኘኛል። ቼክፖይንት ኬላ ነው፤ ኬላ ላይ ቆም ተብሎ ይታለፋል እንጂ ዕቃ አይከመርም።

አንድ ወር መጨረሻ ላይ፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሰርቨር ቆመ ተብዬ ሄድኩ። የስቶሬጁ ቦታ አልቆ ማሽኑ ባለበት ደርቋል፤ ስክሪኑ ላይ ቦታ አስለቅቀህ ድገመው ወይ ተወው የሚል ጥያቄ ተደቅኗል።

«ባካፕ አላችሁ?» አልኩት ወጣቱን አድሚን።

«ሞልቷል ጋሼ! 23 አለን» አለኝ። ኩራቱ ልብ ይነካ ነበር።

ከፍቼ አየሁ። 23 ስናፕሾት አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኗል፤ የመጀመሪያው ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ለምን አታጠፋቸውም?»

«ካጠፋሁትማ የዚያን ጊዜው ዳታ ይሄድ የለ እንዴ?»

ዋናው በሽታ እዚህ ላይ ነው፤ የተማሩትም ይይዛቸዋል። ዲሊት ሲሉ ብጣሹ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ደብተሩ ተገልብጦ ብጣሹ ይቀደዳል፤ ከዛሬው ዳታ አንዲት ፊደል አትጎድልም። የሚጠፋው ወደዚያ ቀን መመለሻው መንገድ ብቻ ነው። ሪቨርት ግን ብጣሹን ሳይገለብጡ መቅደድ ነው፤ ከስናፕሾቱ ወዲህ የተጻፈ ሁሉ ገደል ይገባል። ሰው ሁሉ ዲሊትን እየፈራ ሪቨርትን ይደፍራል። ከዚህም የባሰ ገጥሞኛል፤ አንዱ 000001 የሚለውን ፋይል ቆሻሻ መስሎት በእጁ ሰርዞት የሁለት ወር ሥራ ይዞበት ሄዷል። እባካችሁ፣ ስሙ ያላማረን ፋይል ሁሉ አትጥረጉ!

የደመወዙን ሰርቨር ለማዳን መጀመሪያ ቦታ መገኘት ነበረበት፤ ብጣሾቹን ከደብተሩ ማዋሃዱም ቦታ ይጠይቃልና። ሁለት ማሽኖች ወደ ሌላ ስቶሬጅ አዛወርንና ቅዳሜ ማታ ማዋሃዱን አስጀመርን። ያለቀው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። «ቀጥ ብሏል መሰለኝ» ብሎ ሪስታርት የሚያደርግ እንዳይመጣ የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነበር።

ታዲያ ለምን ትወዳታለህ ለምትሉኝ፣ በሲዲ ዘመን ፓች የጫንኩበት ሰርቨር አልነሣ ብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲስተሙን እንደ አዲስ ስጭን ያደርኩበት ጊዜ አለ። ዛሬ ፓች ከመጫኔ በፊት አነሣታለሁ፤ ከከፋ በደቂቃዎች ትመልሰኛለች፣ ከሰመረ በማግሥቱ አጠፋታለሁ። እውነተኛው ባካፕ ራሱ እሷን ተደግፎ ነው የሚሠራው፤ የባካፕ ሶፍትዌሩ ስናፕሾት ያነሣና የረጋውን ዋና ዲስክ ተረጋግቶ ወደ ሌላ ቦታ ይቀዳል፣ ከዚያ ያጠፋታል። ሥራው መሀል ላይ ከተሰናከለ ግን ወላጅ አልባ ሆና ትቀራለች፤ ሳምንት ሳይሞላ እየዞራችሁ ፈልጓት።

ስናፕሾት ስታነሡ «ሜሞሪውንም ይጨምር» የምትለውን ምልክት ሳታዩ አትለፏት። ያለ ሜሞሪ የተነሣ ማሽን ሪቨርት ሲደረግ መብራት ሄዶ እንደመጣ ሆኖ ነው የሚነሣው። መብራት ሲሄድ ዳታቤዝ ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም።

ሳልረሳው፣ ከ23ቱ የሰባተኛዋ ስም «እንዳትነኩ» ይል ነበር። የሰየማት ልጅ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ማዋሃዱን ሳንጀምር ደፈር ብለን ደወልንለትና ለምን እንዳትነኩ እንዳለ ጠየቅነው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ።

«ውይ፣» አለ፣ «እስካሁን አላጠፋችሁትም እንዴ?»