የአሮጌ ፔዳል ስቲል ጊታር መካኒካል ክፍሎች፦ ምን ይቀየር፣ ምን ይቆይ?



የዛሬው ገለጻዬ በአገራችን እምብዛም ስለማይታይ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የመረጥሁት ለብርቅነቱ ብቻ አይደለም። ከሃምሳና ከስልሳ ዓመታት በፊት የተሠራ፣ ዛሬም በየቀኑ የሚሠራበት ማሽን ሲያረጅ የትኛው ክፍሉ ይቀየር፣ የትኛውስ እንዳለ ይቆይ? ይህን ጥያቄ ከዚህ መሣሪያ ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በቅድሚያ መሣሪያውን ላስተዋውቅ። ፔዳል ስቲል ጊታር በእግሮች ላይ የቆመ፣ አውታሮች የተዘረጉበት ጠባብ ጠረጴዛ ይመስላል። ተጫዋቹ ተቀምጦ በቀኝ እጁ አውታሮቹን ይመታል፤ በግራ እጁ ደግሞ አንድ ድብልብል ብረት በላያቸው ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ስለሚፈስስ በዚህ ረገድ ከማሲንቋችን ጋር ይቀራረባል። ልዩ የሚያደርገው ግን የእግርና የጉልበት ሥራ ነው። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሸጋገር ሲፈልግ ጨዋታውን አቁሞ መቃኛውን ያስተካክላል። የፔዳል ስቲል ተጫዋች ግን አውታሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳል ረግጦ ወይም በጉልበቱ ሌቨር ገፍቶ ቅኝቱን ይለውጣል፤ ሲለቅቀው አውታሩ ወደነበረበት ይመለሳል።

የመሣሪያው ሥር ከሃዋይ ስቲል ጊታር ይመዘዛል። ፔዳሎቹ ግን የተጨመሩት በአሜሪካ ነው። ፖል ቢግስቢ እ.ኤ.አ. በ1948 ለስፒዲ ዌስት ፔዳል ያለው ጊታር ሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1954 በገነነው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ አውታሩ እየጮኸ ፔዳሉን ሲረግጥ የተሰማው ድምፅ የካንትሪ ሙዚቃን መልክ ለወጠው። ከዚያ በኋላ በናሽቪል ሾት ጃክሰንና በዲ ኤመንስ ስሙን ከሁለቱ ስሞች ያዋጣውን «ሾ-በድ» መሠረቱ፤ ፌንደር በሽቦ ገመድ የሚጎትቱ ሞዴሎችን አወጣ፤ ኤመንስም ቆይቶ በራሱ ስም ወደሚጠራው ኩባንያ ተሻገረ። መሣሪያው በአሜሪካም አልተገታም፤ የናይጄሪያው ኪንግ ሰኒ አዴ የጁጁ ሙዚቃውን ሲጫወት ከባንዱ መካከል ፔዳል ስቲል ይሰማል። ዛሬ ለጥገና የሚቀርቡት አሮጌ ጊታሮች በአብዛኛው የእነዚያ ዓመታት ሥራዎች ናቸው።

አሁን ጊታሩን ገልብጠን ሆዱን እንመልከት። ፔዳሉ ሲረገጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ይጎትታል። ዘንጉ በአግድም የተጋደመውን ሻፍት በትንሹ ያዞረዋል። በሻፍቱ ላይ የታሰረው ቤልክራንክ የተባለው አጭር ክንድ አብሮ ይዞርና ሁለተኛ ቀጭን ዘንግ ይስባል። ይህ ዘንግ በአውታሩ ጫፍ ያለውን፣ «ጣት» ተብሎ የሚጠራውን የብረት ቁራጭ ያንቀሳቅሳል። አውታሩ በዚህ ጣት አናት ላይ ተጠምዝዞ ያልፋልና ጣቱ ሲያዘነብል አውታሩ ይወጠራል ወይም ይላላል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ጣቱን ወደ ቦታው የሚመልሱት የአውታሩ ውጥረትና ሞላዎቹ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሰንሰለት ምን ያህል ትክክለኛነት እንደሚጠይቅ በስሌት እንየው። «ኢ 9» በተባለው ቅኝት «ኤ» የሚባለው ፔዳል አምስተኛውን አውታር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ቶን ከፍ ያደርገዋል። የንዝረቱ ድግግሞሽ በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውጥረት ደግሞ ከድግግሞሹ ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚያድግ ጭማሪው 26 በመቶ ይደርሳል። ርዝመቱ 616 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.43 ሚሊሜትር የሆነ የብረት አውታር ብንወስድ፣ 11 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው ውጥረት ወደ 14 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአውታሩ መለጠጥ ግን ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው! ስለዚህ በጣቱ ላይ የ0.03 ሚሊሜትር ልቅነት ካለ፣ ይህም ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው፣ አውታሩ ከግማሽ ቶን አንድ አሥረኛ ያህል ስቶ ሊቆም ይችላል። ይህን ስሕተት የሠለጠነ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

የሚያረጀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ቡሺንጎች ይበላሉ። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ሞዴሎች ቤልክራንኮቹ በሻጋታ ከፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ቅይጥ በተደጋጋሚ ጭነት ይሰነጠቃል፣ የብሎን ጥርሱም ይላላል። ሦስተኛ፣ ሞላዎች ይደክማሉ። አራተኛ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ሙጫ ይሆናል።

መፍትሔዎቹም ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያው ማጽዳትና ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ቡሺንግንና ሞላን የመሳሰሉ በባሕርያቸው የሚያልቁ ክፍሎችን መተካት ነው። ሦስተኛው ቤልክራንኮችንና ጣቶችን ከአሉሚኒየም ወይም ከማይዝግ ብረት በተቆረጡ አዳዲስ ክፍሎች መለወጥ ነው። የዚህ የመጨረሻው ጥቅም ጥንካሬ ብቻ አይደለም። አንድ ፔዳል ሁለት አውታሮችን ሲስብ ሁለቱ እኩል መድረስ አለባቸው። አሮጌው ቤልክራንክ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካለው ይህን ማመጣጠን ይከብዳል። ብዙ ቀዳዳ ያለው አዲስ ክፍል ግን ምርጫ ይሰጣል፦ ዘንጉ ከሻፍቱ በራቀ ቀዳዳ ከታሰረ በትንሽ እርግጫ ብዙ ይጓዛል፣ እግርን ግን ያከብዳል፤ በቀረበ ቀዳዳ ከታሰረ ደግሞ እርግጫው ይረዝማል፣ ይቀልላልም። ይህ የማንሻ ሕግ ነው፤ ከሱ የሚያመልጥ ማሻሻያ የለም።

አዲስ ቤልክራንክ የማይፈውሰው ሕመም መኖሩንም ልብ በሉ። ፔዳል ሲረገጥ ያልተነኩት አውታሮች ድምፅ ዝቅ ካለ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የጊታሩ አካል በጭነቱ መጉበጡ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ ሳለሁ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ሙዚቀኛ ጊታራቸውን አምነው ሰጡኝ። አንድ አውታር ከፔዳሉ ሲለቀቅ ወደ ቦታው አልመለስ ብሏቸው ነበር። እኔም መሐንዲስነቴን ለማሳየት ቸኩዬ ጣቶቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኳቸው፤ አዲሱ ሻፍት እንዲገባም የአካሉን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አሰፋሁት። ሥራው በመለኪያ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ሽማግሌው ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን ከአውታሮቹ ላይ አንሥተው፣ «ቅኝቱ ልክ ነው፤ ድምፁ ግን የእኔ ጊታር አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የአውታሩ ንዝረት ወደ እንጨቱ ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋናው ጣቱና ሻፍቱ ነው፤ እኔም ያንን መንገድ ለውጬዋለሁ። ከዚህም የከፋው፣ አሮጌዎቹን ጣቶች መልሼ ለመግጠም ሳጸዳቸው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ የተጋገረ ዘይት አገኘሁ። ሕመሙ እርጅና ሳይሆን እድፍ ነበር፤ አንድ ቀን ማጽዳትና አንድ ሞላ መቀየር ይበቃው ነበር። ለሰፋው ቀዳዳ በቶርኖ ቀጭን ቡሺንግ ሠርቼ አሮጌዎቹን ክፍሎች መለስኩ። ድምፁ በአብዛኛው ተመለሰ፤ በሙሉ ተመለሰ ግን ለማለት አልደፍርም። ሽማግሌውም እንደዚያ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥርዓት ይህ ነው። ፔዳሉን በዝግታ እየረገጣችሁ እንቅስቃሴው ከሰንሰለቱ በየትኛው መገናኛ እንደሚጠፋ በዓይናችሁ ፈልጉ። ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ፣ ፎቶግራፍም አንሡ። አጽዱ፣ ከዚያም እንደገና ለኩ። የተቀየረውን ክፍል ሁሉ ስሙን ጽፋችሁ ለባለቤቱ በሣጥን አስረክቡ። ሊመለስ የሚችለውን ለውጥ ድፈሩ፤ መሰርሰሪያና ሞረድ የሚጠይቀውን ግን ባለቤቱ ሳይሰማና ሳይስማማ አታድርጉ። ባለቤቱ በየምሽቱ መድረክ ላይ የሚወጣበት ጊታር ከሆነ ሙሉ ማሻሻያው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ያለማስተማመኛ መሣሪያ እንጀራን ያሳጣል። ውሳኔው ግን የሱ ነው፤ የእኛ ድርሻ የሚያገኘውንና የሚያጣውን አስቀድመን መንገር ነው።