የገንዳ ድንኳናችሁ በረዶውን እንዲችል

ሚኒሶታ ውስጥ የጓሯችሁን የዋና ገንዳ በአየር በሚነፋ ድንኳን ለሸፈናችሁ ሁሉ፦ ይህ ድንኳን ምሰሶ የለውም፤ አቁሞ የያዘው ብሎወሩ የሚነፋው አየር ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንይ። የውስጡ ግፊት 25 ሚሊሜትር ውሃ ከሆነ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ያህል ይሸከማል። 10 ሳንቲሜትር እርጥብ በረዶ ግን በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ደረቁ በረዶ በጣም ይቀላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚጥለው ከባዱ ነው። የሚኒያፖሊሱ ግዙፍ ስታዲየም ሜትሮዶም እንኳ በዲሴምበር 2010 (እ.ኤ.አ.) በአየር የቆመው ጣሪያው በበረዶ ክብደት ተቀዶ ወርዷል።

ስለዚህ እስኪያባራ አትጠብቁ። ገመድ በላዩ አሻግራችሁ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሰው ሆናችሁ እየጎተታችሁ አራግፉት። አካፋ ፈጽሞ አይንካው። የውስጡን ሙቀት ከፍ ማድረግም ሸራው ላይ የተጣበቀውን አላቅቆ ያንሸራትተዋል። ከግርጌው የተከመረውን ግን ቶሎ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ከላይ የሚመጣው መውረጃ ያጣል፣ የብሎወሩም አየር መሳቢያ ይደፈናል።

መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ያስፈልጋችኋል። ከቤቱም ከብሎወሩም አርቃችሁ ውጭ አስነሱት፤ ብሎወሩ ጭሱን ስቦ ካስገባ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል።

ድንኳኑ ከረገበ ማንም አይግባ። ውሃ ላይ ከወደቀ ሸራ ሥር መውጣት እጅግ ከባድ ነው። ልጆች ያላችሁ እባካችሁ፣ በረዶ በተተነበየ ሌሊት በሩን ቆልፉ።