የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ በቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ

በእስራኤል ብዙ ወጣቶች በኤሌክትሪክ ብስክሌትና በኮርኪኔት ይጓዛሉ። የእነዚህ ባትሪ የሊቲየም ባትሪ ነው። ከተመታ፣ ውሃ ከገባበት ወይም በማይስማማው ቻርጀር ከተሞላ ከውስጡ ግሎ በድንገት ሊቀጣጠልና መርዛም ጭስ ሊያወጣ ይችላል። እንደ ማገዶ እሳት ቀስ ብሎ አይያያዝም፤ ለማምለጥ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ይጠብቁ፦

• ባትሪውን በመውጫ በር አጠገብ ወይም በሕንፃው ደረጃ ላይ ቻርጅ አያድርጉ። እሳት ቢነሳ ለእርስዎም ለጎረቤትም መውጫ አይኖርም።
• ቤተሰቡ ሲተኛ ወይም ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ቻርጅ አያድርጉ።
• አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አያስቀምጡ።
• ለባትሪው በተሠራው ቻርጀር ብቻ ይጠቀሙ፤ ሲሞላም ከሶኬት ይንቀሉ።
• ባበጠ ወይም በተሰነጠቀ ባትሪ አይጠቀሙ።

የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት ከቤትዎ በመስኮት ገመድ አይዘርጉ። ከቤቱ ኮሚቴ (ቫዓድ ባይት) ጋር ተነጋግረው ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሙያ ያስተክሉ።

እሳት ከተነሳ ንብረት ለማዳን አይሞክሩ። ልጆችንና ሽማግሌዎችን ይዘው ይውጡ፤ በሩን ከኋላዎ ይዝጉ፤ በሊፍት አይውረዱ። ደረጃው በጭስ ከተሞላ ግን ቤት ውስጥ ሆነው በሩን ይዝጉና በመስኮት በኩል እርዳታ ይጠይቁ። ለእሳት አደጋ በስልክ ቁጥር 102 ይደውሉ። ይህን ቁጥር ልጆችዎም እንዲያውቁት ያድርጉ።