የልጆቻችን ጥንቸል ምን ትብላ?

በጦር ሰፈር ለሚያድግ ልጅ የቤት እንስሳ ተራ መጫወቻ አይደለም። አባት ለግዳጅ ወጥቶ ለወራት ከቤቱ ሲርቅ፣ ቤተሰብም ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ልጁ ጠዋት ተነሥቶ የሚመግባት፣ ማታ በሯን ዘግቶ የሚሰናበታት አንዲት ጥንቸል ብትኖረው ኀላፊነትን ከመማሩም በላይ ናፍቆቱን የሚያስረሳው ጓደኛ አገኘ ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህች ዝምተኛ እንስሳ ደኅና መስላ አምሽታ ጠዋት ሞታ የምትገኝበት ጊዜ አለ። ልጁ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሲያለቅስ እናት የምትመልሰው ቃል ይቸግራታል። እኛ እንደምናምነው ግን ይህ ሐዘን ብዙውን ጊዜ ሊቀር የሚችል ነው። የጥንቸልን ሆድ የሚያበላሸው አዘውትሮ በክፋት ሳይሆን በፍቅር የተሰጠ ምግብ ነውና። ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ጥንቸል አመጋገብና ስለ ሆዷ ጤንነት ጥቂት ለማለት ወደናል።

በግዳጅ ላይ የዋለ ወታደር ሁሉ ማለዳና ምሽት በቁጥቋጦ ሥር ሽው የምትለውን የዱር ጥንቸል ያውቃታል። በአማርኛ በአንድ ስም ብንጠራቸውም የዱሯና የቤቷ ዘራቸው የተለያየ ነው። የአገራችን የዱር ጥንቸል ልጆቿን ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ትወልዳቸዋለች፤ የቤቷ ግን ራቁታቸውንና ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ትወልዳቸዋለች። የቤቷ ጥንቸል የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከወደ ስፔንና ፖርቱጋል ከሚገኝ የዱር ጥንቸል ነው። ያም ሆኖ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ይኸውም ሆዳቸው ለሣር የተፈጠረ መሆኑ ነው። በዱር ካሮት ልጦ፣ ዳቦ ቆርሶ የሚያቀርብላቸው የለም።

የጥንቸል ጥርሶች 28 ሲሆኑ ዕድሜዋን በሙሉ ማደጋቸውን አያቋርጡም፤ የፊተኞቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራሉ። ሞርዶ በልክ የሚያቆያቸው ሣር ማኘኳ ነው። የታኘከው ሣር ወደ አንጀት ሲወርድ በሁለት ይከፈላል። ሻካራው ክፍል አንጀቷ ሥራ እንዳይፈታ እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ፍየል በጠጥ ክብና ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ደቃቁ ክፍል ግን በትንሹና በትልቁ አንጀት መጋጠሚያ ወዳለው ከረጢት መሰል አንጀት ይገባና በዚያ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ያብላሉታል። ከዚያም ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ሆኖ ሲወጣ ጥንቸሏ ራሷ ከመውጫው ተቀብላ ትውጠዋለች፤ ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖችን ታገኝበታለችና። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩ እንስሳት ጋር መቁጠሩን አንዳንድ አንባብያን ያስታውሱ ይሆናል። እንደ ላም ከሆዷ ወደ አፏ ባትመልስም ምግቧን ሁለት ጊዜ መብላቷ እርግጥ ነው። ስለዚህ ልጆች ይህን ሲያዩ ተጸይፈው እንዳይከለክሏት መንገር ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ሣርና ድርቆሽ መሆን እንዳለበት ነው። ድርቆሹ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሽታው መልካም፣ ሻጋታና አቧራ የሌለበት ይሁን፤ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይታጣ። የጤፍ ጭድ ለመኝታዋ ይስማማል እንጂ ድርቆሽን አይተካም። አልፋልፋ ለግልገሎችና ለምታጠባ እናት ጥሩ ሲሆን፣ ለአዋቂ ጥንቸል ግን ካልሲየሙ ስለሚበዛ የሽንት ጠጠር ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ ሌላ የካሮት ቅጠል፣ በሶብላ፣ ናና ወይም የድንብላል ቅጠል በደንብ ታጥቦ በየቀኑ አንድ እፍኝ ቢጨመርላት ይጠቅማታል። ካሮቱ ራሱና ፍራፍሬ ስኳር ስላለባቸው አልፎ አልፎ በቁራጭ ብቻ ይሰጡ። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ባቄላና ድንች በአንጀቷ ውስጥ ያልተገባ መብላላትን ስለሚያመጡ መቅረት አለባቸው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ እንዲሁም በአጥር ሥር የሚበቅለው ጉሎ ጎጂዎች ናቸው። በማጨጃ መኪና ተከርክሞ የተከመረ ሣርም ቶሎ ሞቆ ስለሚብላላ አይሰጣት።

ውሃ ከድርቆሽ እኩል አስፈላጊ ነው። 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ትፈልጋለች፤ ውሃ ካጣች መብላትም ታቆማለች። በቆላ ሰፈር የሚኖሩ ቤተሰቦች ቤቷን ከጥላ ሥር ቢያደርጉላትና ውሃዋን ደጋግመው ቢለውጡላት መልካም ነው። የዝውውር ትእዛዝ ሲደርስም ከጓዝ ጋር አንድ ጆንያ የለመደችውን ድርቆሽ መጫን አይረሳ። አዲሱን መኖ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ከአሮጌው ጋር ጥቂት በጥቂት እየቀላቀሉ ማስለመድ ይገባልና።

ጥንቸል በዱር የብዙ አውሬ ሲሳይ በመሆኗ ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። ስለዚህ ወታደር መሣሪያውን በየዕለቱ እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ ልጁም በየማለዳው የጥንቸሏን በጠጥ እንዲመለከት እንመክራለን። ብዙ፣ ክብ፣ መጠኑም ተመሳሳይ ከሆነ ሆዷ ደኅና ነው። ያነሰ፣ የኮሰሰ ወይም በጠጉር የተያያዘ ከሆነ አንጀቷ እየደከመ መሆኑን ያስታውቃል። ለስላሳው በመቀመጫዋ ላይ ተጣብቆ ቢታይ ደግሞ ዝንብ እንቁላል እንዳይጥልባት ወዲያው ማጽዳት፣ ከድርቆሽ በቀር ሌላውን ምግብ መቀነስና ካልተሻላት ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ምግብ ትታ በአንድ ጥግ ከተኮራመተች፣ ጥርሷን ካፋጨች፣ በጠጧም ከጠፋ፣ «እስከ ነገ እንያት» ማለት አይገባም። ለ12 ሰዓት ሳትበላ መቆየት ለጥንቸል የሞት አፋፍ ነውና ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻና ፈሳሽ በመስጠት ሊያድናት ይችላል። እስከዚያው ብርድ በማያገኛት ጸጥተኛ ስፍራ አኑሮ ውሃና ትኩስ ቅጠል ማቅረብ ይበቃል። ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ የጠነከረ እንደሆነ በግድ ማጉረስ ክልክል ነው፤ አንጀቷ ተዘግቶ ይሆናል፣ ጥንቸልም ማስታወክ አትችልም።

ወላጆች በብርቱ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ለሰው ታዝዞ ከቤት የተረፈውን አምፒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን በጥብጦ ማጠጣት መርዝ ከመስጠት አይለይም። እነዚህ መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጧት የአንጀቷን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይፈጁና በምትካቸው መርዝ አመንጪ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ጥንቸሏም በጥቂት ቀናት ውስጥ በተቅማጥ ልትሞት ትችላለች።

በሚገባ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ይህም ማለት በስድስት ዓመቱ የተቀበላት ልጅ ጎረምሳ እስኪሆን አብራው ትቆያለች ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ወላጆች ለልጆቻቸው ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው፣ ማንበብ የሚችለውም ገጹን ቆርጦ በጥንቸሏ ቤት አጠገብ ቢለጥፈው ደስ ይለናል። ማታም ከመኝታ በፊት ድርቆሹና ውሃው መኖሩን አንድ ጊዜ ማየት አይዘንጋ።