አንጎል ቆሻሻውን እንዴት ያጸዳል?



በየካ ሰፈሮቻችን ደጋግመን የምንጠየቀው ነገር አለ። «አባታችን ዙህርን ሰግደው ሳለ አልሰገድኩም ይላሉ፤ የገዛ ልጃቸውን ማን ነህ ይላሉ። ጂን ይሆን?» ይሉናል። የእርጅና መርሳት በቁርኣንም (አን-ነሕል 70) ተወስቷል። ዛሬ ደግሞ ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ የሚሆነውን በምስል መከታተል ይዘዋል።

አንጎል ሲሠራ ቆሻሻ ያፈራል፤ አንዱ በአልዛይመር በሽታ ተከማችቶ የሚገኘው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ነው። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ቦዩን ተከትሎ ጥራጊውን ወደ ቀበና ወንዝ ይወስዳል፤ ቦዩ ከተደፈነ ግን ጥራጊው እዚያው ይከማቻል። በአንጎልም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ማይከን ኔደርጋርድና ጄፍሪ ኢሊፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በአይጦች ላይ አሳዩ፤ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ በደም ሥሮች ዳር ሰርጎ እየገባ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። አይጦቹ ሲያረጁ ፍሰቱ እንደሚደክምም ቆይቶ ታወቀ።

በሰው ላይስ? የኖርዌይ ኦስሎ ሐኪሞች ጋዶሊኒየም የተባለ በምስል ጎልቶ የሚታይ ንጥረ ነገር በወገብ በኩል ወደዚሁ ፈሳሽ ጥቂት ይጨምሩና በኤም.አር.አይ መሣሪያ ደጋግመው ያነሳሉ። ንጥረ ነገሩ ወደ አንጎል ሲገባና ሲወጣ ይታያል። በጭንቅላታቸው ውሃ ተጠራቅሞ በሚረሱ አዛውንት ላይ ቶሎ አልወጣም። በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ ሰዎች ላይም ዘገየ፤ የማግሥቱ እንቅልፍም አላካካሰውም።

ነገር ግን አናጋን። በ2024 እ.ኤ.አ. በለንደን የተደረገ የአይጥ ጥናት በእንቅልፍ ጊዜ ጽዳቱ ይቀንሳል ብሏል፤ ክርክሩ አልተቋጨም። ይህ የምስል ዘዴም ለምርምር እንጂ ለየበሽተኛው የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም።

ታዲያ ለቤታችን ምን እንያዝ? መርሳቱ ከአካሄድ መበላሸትና ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ «እርጅና ነው» ብለን አንተወው። የተጠራቀመውን ውሃ በቱቦ በማፍሰስ የሚሻላቸው አሉና ሐኪም ይያቸው። ሌላው የሚረሱ አባትና እናትን አለመቆጣት ነው። ደጋግመው ቢጠይቁን ደጋግመን እንመልስ። አእምሮውን ያጣ ሰው በሶላት አይጠየቅም፤ በትዕግሥታችን የምንጠየቀው እኛ ነን።