ተጨማሪ መረጃ፦ ካፋ፣ ቡኖ እና «ኮፊ»

በካፋ ዞን ከተማ በቦንጋ ቡና «ቡኖ» ይባላል። ቃሉ የካፋ ሕዝብ ቋንቋ የካፊኖኖ ነው፤ ከአማርኛው «ቡና» እና ከዐረብኛው «ቡን» ጋር መዛመዱ ያስታውቃል። የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ግን ከ«ካፋ» መጣ ሲባል ብንሰማም፣ ድምፁ መመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በጽሑፍ የሚታወቀው መንገድ ሌላ ነው፦ የዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክኛ «ካህቬ»፣ በጣሊያንኛ «ካፌ»፣ በሆላንድኛ «ኮፊ» ሆነ። «ቀህዋ» ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር።

ተክሉ ራሱም ከሳይንሳዊ ስሙ ጋር አይገጥምም። በካፋ ደን ውስጥ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለውን ቡና ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «አረቢካ» ያለው፣ አገሩ ዐረቢያ መስሎት ነው።